የተረከዝ ዱካ

ጣራን የሚጎዳው ዝናብ ነው የሚሉ
አንድ የሐምሌ ቀን ያዝድ መጥተው ይዋሉ።
ቀን ሙሉ ሲለጠጥ፣ ሲነድ የነበረ
ሌት ብርድ ሲነካው ጭቃው ተሰበረ፤
ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትጀምራለች፣
በሁለተኛው ዓመት ጣት ታስገባለች።

ያኔ ነው የሰው ልጅ እኔን የሚጠራ።
ረመዛን እባላለሁ፤ ዕድሜዬ በጣራ
አለቀ። ጉልበቴ መሰላል ሲወጣ
ይንቋቋል፣ እንደ በር ቅባት እንዳጣ።

ጭዱ ከአፈሩ ጋር ውሃ ይጠጣል፣
ሦስት ቀን ይቦካል፣ በእግር ይረገጣል፤
ጥድፊያ የነካውን ቀትር ያጋልጣል።

አምና ከቴህራን ላከ ጥቅል ሬንጅ
ፎሩድ የሚባለው የሰኪነህ ልጅ፤
ማድ ቤቱ ላይ ለጠፍን። ሙቀት እየሳበ፣
ሴትዮዋን ቀቅሎ፣ እሱም ተሸበሸበ።
ጭቃ ግን የቀኑን በሆዱ አምቆ
ሌት ላይ ለሰማዩ ይመልሳል አውቆ።

የዋናውን ቤት ጣራ ልለስን በጠዋት
ባልዲዬን ይዤ ስወጣ ሰኪነህን አገኘኋት፣
አንድ ጥግ ላይ ቆማ። «ይችን ተዋት» አለች፣
በጣቷ ወደ እግሯ እየጠቆመች።

የተረከዝ ዱካ፤ ጭቃው እርጥብ ሳለ
ባሏ የረገጣት። እሱ ዛሬ የለ።
ያን ቀን ሰድቤዋለሁ፣ ሥራዬን አበላሽቶ፤
ሳቀ፣ ለሌት መኝታ ፍራሹን ዘርግቶ።

አንድ ስንዝር ካለፍኩ ቤቱ እንደሚያፈስ
ስንቱን አስተምሬያለሁ፤ ግን ምን ልመልስ?
ዙሪያዋን ጠርዝ ሠራሁ፣ አንድ ጣት ከፍ ያለ፤
ጎርፉ ዞሯት ይሂድ፣ ጎርፍ የሚባል ካለ።

አልነበረም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሰማዩ ሲደርቅ፣
ነፋስ ከፀሐይ ጋር ቅንጣት ሲሰርቅ፣
ትናንት ስንጥቅ ልደፍን ወጥቼ ፈለግኋት፤
በዓይኔ ብትጠፋኝ በመዳፌ ዳሰስኳት፤
ለስላሳ። የኔ ጠርዝ ብቻ ክብ ሆኖ ቀረ፣
ባዶ ቦታ ከቦ፣ ዘብ እንደነበረ።

መሰላሉን ይዛ፣ ከታች፣ ቀና አለች።
«ረመዛን፣ አለ?» ድምጿን ከፍ አረገች።

ጭዱን ከጢሜ ላይ እያራገፍኩ
«አለ» አልኩ።