አርባ ሰማይ

በሐምሌ ቅዳሜ፣ ሞጣ ገበያ ላይ፣
ጃንጥላ ብል፣ ላቀው ዘረጋ አርባ ሰማይ።
ውባለም ያለችኝ፣ ጥቁር ብቻ ነበር፤
ያን መች አስታወስኩት፣ ቀለም ሲደረደር።
ቀዩ፣ ዝንጉርጉሩ፣ አበባ ያለበት፣
ሲጫኑት ተከፍቶ፣ ኪስ ውስጥ የሚከተት።
አንዱን ብድግ ሳደርግ፣ ሌላው አኮረፈኝ፤
ያስቀመጥሁት ደግሞ፣ ከኋላ ጠቀሰኝ።

«ይሄስ?» ይላል ላቀው። «ያኛውስ?» እላለሁ።
ቆርቆሮው ሲንኳኳ፣ ገና እመርጣለሁ።

በበሩ አለፈ፣ ሽባባው በገሳ፣
ሲደምን ከካስማው፣ አንዲቷን የሚያነሳ፣
ካህያው ጋር ሲያወጋ፣ ዝናቡን የረሳ።

ሁለት ገዝቼ ወጣሁ፤ ዝናቡ አባርቷል።
የሽባባው ገሳ፣ አጥሩ ላይ ደርቋል።
ሁለት ታቅፌ እኔ፣ ቀዩ ይቆጨኛል።