የቶርጌር ጓጉንቸር

ከመስከረም ማለቂያ አንሥቶ እስከ መጋቢት፣
ጸሐይ ሪዩካን አትወርድም፤ ተራራው ነው ያገዳት።
እዚህ ሸለቆ ውስጥ መብራት እንደ እንግዳ ይከበራል፣
ዳገቱ ላይ፣ ከአጥሩ ኋላ፣ ሽማግሌው ያንጎራጉራል፤
የከተማው ሰው «ትራንስፎርመር»፣ እኛ «ሽማግሌው» የምንለው፣
መቶ ሠላሳ ሁለት ሺህ ቮልት ባንገቱ የተሸከመው።

ሆዱን የሞላው ዘይት ነው፤ ሃያ ስምንት ሺህ ሊትር፣
እንደ ብርዝ የጠራ፣ ቢጫ፣ ምሥጢር የማይሰውር።
ብረቱ ውስጥ ውስጡን ሲግል፣ ወረቀቱም ሲያረጅ፣
ዘይቱ ነው አውጥቶ የሚያወራ፣ አፉን እንደማይገታ ልጅ።

ይህን ያስተማረኝ ቶርጌር ነው፣ ከጎኑ አርባ ዓመት የቆመ፣
በዚያ በማያልቅ እንጉርጉሮ ግራ ጆሮው የደከመ።
«ቧንቧ ከመንካትህ በፊት ግፊቱን ለካ፤ ካነሰ፣
ዘይት አይወጣም፤ አየር ገባ፤ ያኔ ሁሉ ነገር ፈረሰ።
አንዲት አረፋ ናት፤ ትንሽ፤ ግን መንገዷን ታውቃለች፣
እሳትን እጁን ይዛው ሆዱ ድረስ ታስገባለች።»

መተንፈሻው ብርጭቆ ውስጥ ብርቱካናማ ፍሬ አለው፣
እርጥበት ጠጥቶ ሲጠግብ አረንጓዴ የሚሆነው።
«ሌላ ቦታ ልምላሜ ደስ ይላል» ይል ነበር፤ «እዚህ ግን
ሲለመልም ነው የምፈራው፤ ቶሎ ቀይረው ፍሬውን።»
ጠብታ መሬት ብትወድቅ ጎንበስ ብሎ በጨርቅ ያነሣታል፣
«ከታች ወንዝ አለ» ይላል፤ «ዓሣው ምን በደለ?» ይላል።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፣ ይባላል እኛ ዘንድ» አልኩት።
መርፌውን በዝግታ ሳበ፤ አረፋ የሌለው ዘይት።
«ይሄኛው» አለ ቆይቶ፣
«አያሳስቅም።»

ጥር ላይ ወረቀት መጣ ከላብራቶሪው፤ አሴቲሊን፣
ሁለት የነበረው ዘጠኝ። ከዚያ ወዲያ አላነበብን።
አጠፋነው። ክፍተቱን በዓይናችን አየን፤ ለካን፤ ሞተ።
ማሪት መሬት አስያዘችው (ለኔ ብቻ ቀልድ ሸተተ)።
ከዚያ ሦስታችን በየተራ ጓጉንቸራችንን ቆለፍን፤
የኔ ቀይ፣ የሷ ቢጫ፣ የሱ ነሐስ፤ ቁልፉ በየኪሳችን።
የቆለፈ ብቻ ይከፍታል። ሕጉ ይህ ነው፤ ሌላ የለም።
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ ማንም አይሮጥም።

አንዲት የላላች መጋጠሚያ፤ ጥፍር የማይሞላ ጥቁረት፤
እሷን ጠርገን፣ ዘይቱን አጣርተን፣ በአምስተኛው ቀን እኩለ ሌሊት፣
ዕቃችንን ቆጠርን። የኔ ተከፈተ፤ የማሪትም ተከተለ።
ያን ሌሊት ደግሞ ሁለተኛው፣ ሸክም በዝቶበት፣ ቀጥ አለ፤
የላይ ሰፈር ጨለመ። የነሐሱ እንደ ተንጠለጠለ።

ኦይቪን በስልክ ይጮኻል፤ «ቁረጡት! ቤቱ ሄዷል ሰውየው!»
መቁረጫው ማሪት እጅ ነው። «ሲሄድ አይተሃል?»
«ከበር ሲወጣ አየሁት።»
«ሲወጣ ነው ያየኸው።
ሲመለስስ?»

ዝም አልኩ። ባትሪ ይዤ ዞርኩ፤ መሰላሉን፣ ጉድጓዱን፣ ጓዳ ጎድጓዱን፣
ስሙን ስጠራ በረዶው ዋጠው፤ ዋጠብኝ ድምፄን።
ጓጉንቸሩ ከተንጠለጠለ ሰው ውስጥ አለ፤ ይህ ነው ነገሩ፣
ምንም ባዶ ቢመስል፣ ዝም ቢል ግቢና አጥሩ።

መኪና ልከን ቤቱ ተገኘ፤ በሚሰማው ጆሮው ተኝቶ፣
ስልኩን፣ ኦይቪንን፣ ከተማውን ትራሱ ሥር ከቶ።
መጣ፤ ፒጃማው ላይ ካፖርት፣ ጫማው ግራ ለቀኝ ሆኖ፣
ይቅርታ አላለም፤ ብረቱን ዳሰሰ ዐይኑን ጨፍኖ።
ከዚያ ዞሮ ቆጠረን። «አንድ፣ ሁለት» አለ፤ አውራ ጣቱን
ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ «ሦስት»። አወጣ ቁልፉን።

እንጉርጉሮው ተመለሰ። መስኮት በመስኮት በራ ዳገቱ።
ጋዜጣው «ሦስት ሰዓት ጨለማ» ሲል ወቀሰን በማግስቱ።

ቶርጌር ጡረታ ወጥቷል። እኔም ቀዩን ትቼ ነሐስ ገዛሁ፣
ስሜን በፊደላችን፣ በምስማር ጫፍ፣ ጀርባው ላይ ጻፍሁ።
ሪዩካን ውስጥ የሚያነበው አንድም ሰው የለም።
ማንም ግን አይቆርጠውም።