አሻራ

ቢሮዬ ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ከመስኮቱ ጣና ይታያል፣
ጧት ብርጭቆ ነው፤ ነፋስ እምቦጩን ሲያመጣው ሜዳ ይመስላል።
ከኋላዬ ማስታወቂያ አለ፦ «ሕገወጥ ስደት ይገድላል፤
በሕጋዊ መንገድ ይሂዱ»፤ ከሥሩ ቀስት ተስሏል፤
ቀስቱ ወደኔ ጠረጴዛ፣ ወደ ማሽኔ ያመለክታል።

እንጉዳይ መጣች በጥቅምት፣ ምንም ያልጎደላት ልጅ፤
የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ የቀበሌ መታወቂያ በእጅ፤
የሃያ አንድ ቀን ሥልጠና፣ የብቃት ምስክር ወረቀት፤
አልጋ ማንጠፍ፣ ልብስ መተኮስ፣ በአረብኛ «እሺ» ማለት።

«ጣትሽን እዚህ አድርጊ» አልኳት። አደረገች። ቀይ መብራት።
«ጠበቅ አድርጊው»። ቀይ። «የግራውን»። ቀይ። በተራ አሥሩም ጣት።

እጇን ገልብጬ አየሁት፤ እንደ ተላገ ጣውላ፣ ልሙጥ፤
ከልጅነት እስካሁን፣ ከሐይቁ ዳር፣ ቅርፊት ስትፍቅ፣ ስትቆርጥ፣
መስመሩን ውሃው ጠጥቶታል፤ የቀረው የቢላ ጭረት፤
ማሽኑ ጭረት ማንበብ አልተማረም፤ አይፈረድበት።

«ሎሚ፣ ቫዝሊን ተቀቢ፤ ሁለት ሳምንት ዓሣ አትንኪ።»
መመሪያው ነው። እስከዚያስ ምን ትብላ? አንቀጹ አይልም «እንኪ»።

ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ ሦስቴም ቀይ። በሦስተኛው
ከደረጃው ሥር ቆሞ ነበር፣ ባለ ነጭ ሸሚዙ ሰው።
ጣት አይጠይቅም እሱ፤ ካርድ አይጠይቅም፤ ክፍል አይጠይቅ፤
ከመተማ ሌሊት በቀር ሌላ መመሪያ አያውቅ።

በአራተኛው ቀጠሮዋ ወንበሩ ባዶውን ዋለ፤
«አልቀረበችም» ብዬ ሞላሁ፤ ቅጹ ላይ ሌላ ቃል የለ።

በነሐሴ፣ ክረምቱ ጠንቶ፣ ሐይቁ ደንገሉን ሲውጥ፣
አውቶቡስ ተመላሾች አመጣ፤ እኔም ልመዘግብ ስቀመጥ፣
ጥቁር ፌስታል ይዛ፣
በሌላ ሰው ጫማ፣
ተራዋ ደረሰ።

ሳልነግራት ጣቷን አኖረች።
አረንጓዴ።
በአንድ ጊዜ። አሥሩም። ጥርት ብሎ፣ መስመር በመስመር።
ቀና ብዬ አየኋት፤ ይቅርታ ልል ነበር መሰለኝ፣
ብቻ ማሽኑን ነካካሁት።

«እስር ቤት» አለች «ሰባት ወር። ሥራ የለ፣ ቢላ የለ፤
እጄ ሥራ ሲፈታ ነው ቆዳው መልሶ የበቀለ።»

ቅጹ ይጠይቃል ከዚያ፦ «ስለ ሕጋዊው መንገድ ግንዛቤ አለዎት?»
«አዎ» ወይ «የለም» ነው፤ ለሌላ መልስ ቦታ አልተዉለት።

ዝም ብላ በመስኮቱ እምቦጩን አየች፣
ያለ ፓስፖርት ገብቶ ዳር እስከ ዳር የተኛውን።
ከዚያ ከማሽኑ መስታወት ላይ የጣቷን ወዝ፣ ክብ በክብ፣
በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣
ማታ ማታ የዓሣ መክተፊያዋን እንደምትጠርገው፣
ቅርፊት እስከማይቀርበት ድረስ።

«ቀጣይ» አልኩ።