አላፍ

የካቲት ስምንት ቀን፣ እሑድ ማለዳ ላይ፣
ጦሳ በጉም ታጥሮ ፊቱ እንኳ ሳይታይ፣
ሆጤ ሜዳ ጥግ ላይ ቅጥቅጧ መኪና
ሁለቴ አስነጥሳ ተነሣች እንደገና፣
የጀርመንኛ ክበብ ሃያ ሦስት ሰው ጭና።

ገንዘብ ያዡ እኔ ነኝ። ደብተሬ ላይ አለ፦
ለነዳጅ፣ ለኪራይ ይህን ያህል ተከፈለ፤
በግ ሁለት፣ ድስት ሁለት፣ አራጁም ሁለት ሰው፣
(የአንዱን አንዱ አይበላም፣ ሣቁ ግን የጋራ ነው)
ሙጫና ቀለሙ፣ ለጭምብል ካርቶን፣
አምስት ኪሎ ከረሜላ፣ ምን እንደሚሆን
አላውቅም ነበረ። ብቻ ግን ጻፍኩት፣
"ልዩ ልዩ" ከሚለው ረድፍ ሥር አስጠጋሁት።

ሐሳቡ የጋሽ ሙህዬ ነው፤
ድሮ የክር ማሽን ሊማር ኮለን የሄደ፣
በዚያ አገር ብርድ መሐል አንድ ጉድ የወደደ።
"ዳኛው" ይለን ነበር "ዶሮ ሆኖ ይመጣል፣
ከንቲባው ለቂሎች ቁልፉን ይሰጣል፣
ሴቱ መቀስ ይዞ ክራቫት ይቆርጣል፣
ከሠረገላ ላይ ከረሜላ ይዘንባል፣
ከዚያ ጾም ይገባል።"
"ቅበላ ነዋ!" አለች ጦይባ ከኋላ፣
"ጭምብሉ ነው እንጂ ምን ጎደለን ሌላ?"

ዘንድሮማ ቀኑ አንድ ላይ ገጥሞ
ሁዳዴም ከደጅ ነው፣ ረመዳንም ቆሞ፤
ሁለት የተከበሩ እንግዶች ባንድ በር
"አንተ ቅደም፣ የለም አንተ" ሲባባሉ ነበር።

ሐረጎን ስንወርድ፣ ጥምዝምዙ መሐል፣
የጸሐፊው ክራቫት በጦይባ እጅ ወድቋል።
የሠርጉ ነበረ።
(ጻፍኩ፦ ክራቫት፣ አንድ፣ የሚተካ።)
ጋሽ ሙህዬ ብረቱን ጨብጦ ቆመ፦
"አላፍ! በሉ። የኮለን ሰው እንዲህ ነው የሚጮኸው።"
"አላፊ?" አለ ሾፌሩ።
"አላፍ።"
"ያው ነው" አለ፣ ማርሹን እየቀነሰ፣
"አላፊ ነው ሁሉም።" መኪናው በሣቅ ታመሰ።

ከዚያ ኬላ። ገመድ። አንድ ፖሊስ እጁን ዘረጋ፣
በመስኮት ሲያየን፦ ቀበሮ፣ ጅብ፣ ጉጉት፣ ሁለት ጨረቃ።
"አውልቁ" አለ። "መታወቂያ።"

ሣቁ እንደ ጎማ ተነፈሰ።
ማንም አልተናገረም፣ ሁላችንም ግን ያን ዓመት አየን፤
ፊት እንደ ሰነድ የተገለጠበትን፣
ስም እንደ ኮንትሮባንድ የተፈተሸበትን፣
በዚሁ መንገድ ፍራሽ ተሸክመን የወረድንበትን።
ያኔ ጭምብል አልነበረንም።
ባዶ ፊት ብቻ ነበር፣ እሱም ከበደን።

አንድ ባንድ አወለቅን።
ፖሊሱ ወረቀቱን ያያል፣ ፊቱን ያያል፣ ያልፋል፤
ከጋሽ ሙህዬ ዘንድ ሲደርስ፣ የካርቶን ምንቃር፣ ቀይ ቁንጮ፣
"እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?"
"ዳኛ" አለ ጋሽ ሙህዬ።

ትንሽ ቆየ። ከዚያ ፖሊሱ
ጥርሱን ሊደብቅ ዞረ፣ ትከሻው ግን አሳበቀ።
"ትርፍ የላችሁም?" አለ በዝግታ፣ "ለልጄ።"
ማናችንም አላመንነውም።
ጉጉቴን ሰጠሁት።

ኮምቦልቻ ሞቃለች። ቦርከና እንደ ክር ቀጥኗል፣
ጋሽ ሙህዬ "ራይን" አለው፣ ወንዙም ዝም ብሏል።
"ካሜሌ!" እያልን ከረሜላ ስንበትነው
የባቲ ነጋዴ ቆሞ ሲያየን፣ ልጁ ሹክ አለው፦
"በእንግሊዝኛ ነው አባ፣ ግመል እያሉ ነው።"
"የማንን ግመል?" አለና የራሱን አጥብቆ አሠረው።

ድስቶቹ ተራቆቱ። ጣታችንን ላስን።
ከሥጋ ጋር ተሳስመን፣ አጥንቱን ለውሾች ለቀን፣
ማታ ሽቅብ ስንወጣ ጉሙ ከነቅዝቃዜው ተቀበለን።
ያ ፖሊስ የለም፣ ተረኛው ተቀይሯል።
ጉጉቷ ግን ከኬላው ገመድ ላይ ተንጠልጥላ
አላፊ አግዳሚውን በክብ ዓይኖቿ ታያለች፣
መታወቂያ ሳትጠይቅ።

ደብተሬን ከመዝጋቴ በፊት፦
ጉድለት፦ ጭምብል፣ አንድ።
ምክንያት፦ አላፍ።