የማልኮ ቦታ

ቅዳሜ ማታ ነው፣ ሄርማታ መርካቶ፣
ጨርቅ ነጋዴው ሁሉ ሱቁን ቆላልፎ ዘግቶ፣
የባጃጁ ጩኸት ቀስ በቀስ ጠፍቶ፣
አርባ ሦስት ሆነን በረንዳ ላይ ወጣን፤
ፍራሽ፣ ፔርሙስ፣ ትራስ ተሸክመን መጣን።

ሐሳቡ የፈትያ፤ እንዲህ ነው ሥርዓቱ፦
ውጭ ለሚያድር ሰው፣ እስኪነጋ ሌቱ፣
አምስት መቶ ብር ይሰጥለታል፣ ከወዳጅ፣ ከቤቱ፤
በወተት ጣሳ ውስጥ ብሩ ተጠራቅሞ
ጎዳና ለሚያድሩት መጠለያ ቆሞ
ጣራ ይሆናል አለች፣ ከክረምቱ ቀድሞ።

እኔ የባንክ ሰው ነኝ፤ ከመስታወት ኋላ
የሰው ብር ስቆጥር የምውል፣ ጣቴ እስኪላላ፤
«መዝገቡን ያዝ» አለች፤ አጣሁ ለእምቢታ መላ።

እስከ አራት ሰዓት ሠርግ ይመስል ነበር፤
ሳቅ፣ የስልክ መብራት፣ ቆሎ ሲዘዋወር፤
መምህር ድልነሳ፣ በሚዛን መንገድ ላይ መኪና ሲሰበር
ሦስት ቀን ጫካ ማደሩን ሲናገር።

ያን ጊዜ አንድ ሰው መጣ፣
ካርቶን በብብቱ፣ ጆንያ በትከሻው፣
በቀጥታ ወደ እኔ፣ ወደ ግድግዳው መድረሻው።
አየኝ። ፍራሼን አየ። ፔርሙሴን አየ።
የሰው ቤት እንደገባ እንግዳ አፈረ፣ ዘገየ።
«ይቅርታ ጌታዬ፣ ይቺማ የኔ ነች»
አለ በለሆሳስ፤
«ግን ግድ የለም፣ ተኛ። ለዛሬ ያንተ ነች።»

ማልኮ ነው ስሙ።
ከዳውሮ የመጣ፣ ጎጀብን ተሻግሮ፣
ቡና መጋዘን ውስጥ በሸክም ሥራ ኖሮ፤
ወገቡ ሲከዳው፣ በረንዳ ሆነ ኑሮ።

ጠጋ አልኩለት። በአንድ ሰው ስፋት ሁለት ሆነን ተኛን።
ማስተማር ጀመረ፦
«ካርቶኑን ደርበው፤ ብርዱ ከታች ነው የሚመጣ።
ጫማህን ተንተራስ፣ ሌባ እንዳያወጣ።
ጀርባህን ለግድግዳ፣ ፊትህን ወደ መንገድ፤
የሚመጣውን እይ፣ ከዚያ ነው መፍረድ።
ውሻ ሲጮህ ተኛ። ዝም ካለ ግን ንቃ፤
በአዌቱ በኩል ጅቡ ወጥቷል በቃ።»

ስምንት ሰዓት ሲሆን የጅማ ዝናብ መጣ፣
እንደ አበዳሪ ሰው፣ በር ሊሰብር በቁጣ፤
በር የለንም እንጂ።
የቆርቆሮው ጫፍ አፍ አወጣ፣ ቦዩ ሞልቶ ፈሰሰ፣
ብርድ ልብሱ ሁሉ እንደ ስፖንጅ ራሰ፣
መምህር ድልነሳ ባጃጅ ጠራ፤ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ተመለሰ።
ሌላም ጠራ። ሌላም።
ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ስንቆጠር፣ አሥራ ሰባት።
ማንንም አልሰረዝኩ። እኔን ያቆየኝ ጽናት
አልነበረም፤ ማልኮ ነው፣ ክንዴ ላይ ተኝቶ፣ እንደ ሕፃን በእናት።

ለሱብሂ ሲጣራ ተነሣን።
በራሰው ሲሚንቶ ላይ ደረቅ ቅርጽ ቀረ፣
የሁለት ሰው ቅርጽ፣ አንዱ ካንዱ ያልተለየ።
መዝገቡን አወጣሁ። «ምንድነው የምትጽፈው?»
አንድ ሰው፣ አንድ ሌሊት፣ አምስት መቶ ብር፣ አልኩት።
በጣቱ ቆጠረ። ተወ። ደግሞ ቆጠረ።

«የኔስ?» አለ።
«የኔስ አዳር በማን ስም ነው የሚጻፈው?
አሥራ አንድ ዓመት ነው። አንድም ቀን አልቀረሁ።»

አልቀለደም። አልተቆጣም። እንደ ደንበኛ ነው የጠየቀ፣
ሂሳቡን ሊያጣራ በመስኮት አንገቱን እንዳሰገገ።
ጭንቅላቴ ደግሞ ክፉ ልማድ አለው፣
ሳላዘው አባዛው፣ ሳልፈልግ ደመረው፦
አራት ሺህ አሥራ አምስት ሌሊት፣
ሁለት ሚሊዮን ሰባት ሺህ አምስት መቶ ብር፣
ስድስተኛዋን ጳጉሜ ሳልጨምር።

አልነገርኩትም።
ካርቶኑን አጥፎ ከዛፉ ቅርንጫፍ መሐል ሸጎጠ።
«ዛሬ ማታስ ትመጣለህ?» አለኝ።
ቤት ስገባ ባለቤቴ «እንዴት ነበር?» አለች።
«ዘነበ» አልኳት።

ሰኞ ብሩን ቆጠርኩ። ገሚሱ ገና እርጥብ ነው፣ ጣቴ ላይ ይጣበቃል።
የገቢ ወረቀቱ ላይ አንድ ባዶ መስመር ይጠብቃል፦
«የአስገቢው ስም።»
ጂሬን ላይ ደመናው ጠቁሯል።
ብዕሬን ይዤ ቆየሁ፤
ከመስታወቱ ማዶ ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ።