ዌል

ሄድሊ ኦትዌል ነው ስሙ፣ የደርቢሸር ሰው፣
ኖራ ድንጋዩን በጥፍሩ፣ እርጥቡን በአፍንጫው የሚለየው።
ሥራው ጉድጓድ ቁፋሮ፣ የስሙም ጅራት "ዌል"፣
አፉም እንደ ባልዲው፣ ይህንኑ ቃል ሲያመላልስ የሚውል።

በዚያ አገር ጉድጓድም ዌል ነው፣ ጤነኛም ሰው ዌል፤
መንደሩ በሙሉ ይቀዳዋል፣ ቃሉ ነው የወል።

ሲጠይቁት "ዌል" ካለ፣ አድሯል በደኅና፤
"ዌል፣ ዌል" ካለ ጉድ አለ፤ አንድ ቀን ብሎ ነበር፣ ልጁ ሎርና
የቄሱን ልጅ አፈናጣ፣ በሞተር ብስክሌት መጣችና።

እንግዳ ሲያመሽበት፣ ወሬ ሲንዛዛበት፣
ጭኑን ቸብ ያደርግና "ዌል..." — ያኔ ኮት ይነሣል፣ ይወጣል ከቤት።
"ሂዱ" አላለም እኮ። ማንም አልተቀየመበት።

ቲርዛ ሚስቱ፣ አርባ ዓመት አብራው የኖረች፣
ዌሉን ከዌሉ፣ በትንፋሹ ርዝመት ትለይ ነበረች።

ሐኪሙ ግን የደረቱን ፎቶ ወደ መስኮት አቀና፣
መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ አጠለቀ እንደገና፤
"ዌል..." አለ።
ዝም አለ።

ሄድሊ ይህን ያውቃል። ገና በስምንት ዓመቱ፣
ወገቡን በገመድ አስሮ ሲያወርደው አባቱ፣
ተምሯል፦ ጥልቀት ለማወቅ ጠጠር ይጣላል፣
እስኪንቦጫረቅ ድረስ፣ አንድ፣ ሁለት ይባላል።
እዚያው ወንበሩ ላይ ቆጠረ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።
ስድስት ላይ ተወው። ውሃም የለበት።

ቤት ሲገባ ቲርዛ፣ እጇ በሳሙና አረፋ፣
"እህስ?" አለችው። ባርኔጣውን ሊሰቅል ሞከረ፣ ሚስማሩ ጠፋ።
"ዌል" አለ።
ቧንቧውን ዘጋች፤ ሌላ ቃል አልጠየቀችም፤
ይኼኛውን ዌል፣ በአርባ ዓመት ሰምታው አታውቅም።

ካርድ ጎረፈለት፣ አበባ የተሳለበት፣ ወርቅማ ጽሕፈት፤
"ቶሎ ዌል አግኝ" ይላል፣ "ይማርህ" ለማለት።
ሄድሊ እስኪያስለው ሳቀ፦ "ስድሳ ሦስት አግኝቻለሁ!
አካፋዬን አምጡልኝ፤ የቱ ጋ ልቆፍር? አሁኑኑ እጀምራለሁ።"

እሑድ ማታ፣ ሁሉም አልጋው ዙሪያ ተሰብስበው፣
ስለ ዝናቡ፣ ስለ ክሪኬቱ፣ ወሬው ሞቆ ሳለ፣
በዚያ በሰለለ መዳፉ ጭኑን መታ። "ዌል..." አለ።
የቄሱ ልጅ እንደ ልማዱ፣ ኮቱን ሊያነሣ ብድግ አለ፤
ቲርዛ እጁን ያዘችው፦
"ቁጭ በል። አንተን አይደለም ያለው።"