ስምንት ኦም

ቂርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት።
የአምፑ ጀርባ ተከፍቷል፤ ሁለት ቲዩብ ቀልተውበት።
«ገና ናቸው» ይላል ያዩ፣ ጣቱን ሳያስጠጋ፣
«ሲሞቁ ነው የሚናገሩት፤ ቆይ፣ ትንሽ ተረጋጋ።»

እኔ የምፈልገው ድምፅ፣ እንደ ታጠበ ብርጭቆ፣
ከክሩ ተነሥቶ፣ በሽቦው ውስጥ ጠልቆ፣
ክፍል ሳያሸተው፣ ግድግዳ ሳይነካው፣
ቀጥ ብሎ ገብቶ ኮምፒዩተር የሚለካው።

ምክንያቱም ከታች ሲሞን አለች።
ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በልጅነቷ ከቱኒስ በመርከብ መጣች።
የሷ ጣራ የኔ ወለል፤
ክር በነካሁ ቁጥር መጥረጊያ ታነሣለች።
ዱም።
ዱም።
አንድም ቀን ደረጃ ወጥታ ፊት ለፊት ተናግራኝ አታውቅ፤
ንግግሯ መጥረጊያ ነው፣ መልሴም ቮልዩሙን ዝቅ፣ ዝቅ።

«ስፒከሩን ነቅዬ ብቀዳስ?» አልኩት።
ያዩ እጄን ቀማኝ፣ የሕፃን እጅ ከእሳት እንደሚቀሙት።
ቀን ቀን አሳንሰር ይጠግናል፤ ክብደት ያውቃል፣ ገመድ ያውቃል።
«ቲዩብ አምፕ ያለ ጭነት አይነሣም፤ ራሱን ይበላል።
የሚጮኽበት ሲያጣ
ትራንስፎርመሩ ይነዳል፤ ሽታው ሳምንት ከቤት አይወጣ።
ስምንት ኦም ጠይቆሃል?
ስምንት ኦም ስጠው። ሌላው ይደርሳል።»

ከቦርሳው ሣጥን አወጣ፣ የጫማ ካርቶን የምታክል።
ስፒከር ነኝ ብላ ትዋሻለች፤ አምፑም አምኖ ይቀበል፤
ያለ የሌለ ጩኸቱን ይሰጣታል፣
እሷም ትውጣለች፣ ሙቀት ታደርገዋለች፣
ለኛ በጎን፣ በቀጭን ሽቦ፣ አንድ ጭልፋ ታቀብላለች።
እጄን ጫንኩባት። እንደ ታመመ ሰው ግንባር ትኩስ ነበረች።

ተጫወትኩ። ከክሩ ቀድሞ የገባው ግን
እምምምም…
«ሁለት መሬት ነክቷል» አለ ያዩ። «አምፑ የራሱ መሬት አለው፣
ኮምፒዩተሩም የራሱ፤ በመሃል ሽቦው ነው የሚያለቅሰው።
አንዱን መልቀቅ ነው።»
ዝም አልኩ።
«የግድግዳውን አላልኩህም! እሱን ከነካህ አለቀልህ።
የድምፁን ብቻ። ይቺን ቁልፍ ወደ ላይ፣ እንዲህ።»
ጠቅ።
እምምታው ሄደ።
ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ጋ ቅኔ ይዘርፍ ነበር።
እኔ ጊታሬን አነሣሁ፤ ያዩ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠው ይሮጥ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ንብ።
ስፒከር ለካ ወንፊት ነው፣ እብቁን የሚያስቀር፤
ወንፊት የሌለው ድምፅ ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ አሸዋ ነበር።
በኮምፒዩተሩ ውስጥ የውሸት ስፒከር ሰቀልኩለት፣
ከላይ ቆረጥኩት፣ ከታች ሞረድኩት፣
እስኪጠራ። ጠራም።
ሦስት ሌሊት ቀረጽኩ። ሦስት ሌሊት ዱም የለም።

በሦስተኛው ሌሊት የድሮውን ቀረጻ ከፈትኩ፣ ለማነጻጸር፣
በማይክ የቀዳሁትን፣ ክፍሉ ሁሉ የገባበትን ነገር።
የማቀዝቀዣው ሞተር አለ፤ የወንበሬ ሲጥታ አለ፤
መጥረጊያዋም፣ ከሦስተኛው ምት ትንሽ ዘግየት እያለ፣
አለ።
ደጋግሜ ሰማሁት። ዘግየት ማለቷ
ያንን ዘፈን ያቆመው እሱ ነው፣ ያ መጥረጊያ መምታቷ።

በአራተኛው ሌሊት በሬ ተንኳኳ።
ሲሞን ናት፤ በሌሊት ልብሷ፣ መጥረጊያውን እንደ ምርኩዝ ተደግፋ፣
ሁለት ፎቅ የወጣች ይመስል እያለከለከች ትንፋሿ ጠፋ።
«ሞተሃል ብዬ» አለች። «ወይ ጦሩ ጠርቶህ።
አራት ቀን ሙሉ ምነው ድምፅህ?»

ምን ልበላት? ስለ ኦም ልንገራት?
ወንበሬን ለቀቅሁላት።
ማዳመጫውን ከሻሿ በላይ ደፋሁላት፤
ጥቁሯ ሣጥን አጠገቧ ትሞቃለች፤
ክሩን ነካሁ። ክፍሉ ጸጥ እንዳለ ነው፤ የምትሰማው እሷ ብቻ ነች።
ፊቷን አየሁ፤ ፊቷ ምንም አይልም። ዓይኗን ጨፈነች።

ቆይቶ እግሯ ወለሉን መታ፣
አንዴ፣ ከዚያ ዘግየት ብሎ አንዴ።
ከታች ያለው ቤት የሷው ነው፤
የሚቆጣ ማንም የለው።